ማን እንዲጽፍላችሁ ትጠብቃላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ1980 መጨረሻ ላይ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አራት ልጆች ባንዳቸውን በተኑ። ቲን አይድልስ ይባሉ ነበር። ከመካከላቸው ሃያ ዓመት የሞላው አልነበረም። አንድ ዓመት ያህል በየትንንሹ አዳራሽ ተጫውተው ያገኟትን ሳንቲም ሳይነኩ በአንድ ሣጥን ሲያጠራቅሙ ቆይተው 600 ዶላር ገደማ ደርሳለች። ባንዱ ፈርሷል። የቀረው ገንዘቡን ለአራት ተካፍሎ መለያየት ነበር።

እነርሱ ግን አልተካፈሉትም። ከመበተናቸው በፊት የቀረጿቸውን ስምንት ዘፈኖች በ1,000 ሸክላ አሳተሙበት።

ልብ በሉ፤ ሸክላው ሲወጣ ባንዱ የለም። የሚያስተዋውቁት ኮንሰርት የለም፤ የሚሸጡት ስም የለም። ታዲያ ለምን ደከሙ? ይህ ነገር ነበረ፣ እኛም ነበርንበት ለማለት ብቻ ነው። ይህን ሸክላ ለማውጣት ያቋቋሙት ዲስኮርድ የተባለ አሳታሚ ዛሬም ከአርባ ዓመት በኋላ አለ፤ ዋነኛ ሥራውም የዚያኑ ከተማ ባንዶች ድምፅ ማኖር ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ልሟገታችሁ የተነሣሁት በዚህ ጉዳይ ነው። እነዚያ ልጆች የሠሩትን እናንተ አልሠራችሁም። እኔም አልሠራሁም። ምክንያት ብለን የምንደረድረው ሁሉ ደግሞ ሰበብ ነው።

ሃርድኮር ፓንክን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። እጅግ የፈጠነ፣ አጭርና የሚጮኽ ሙዚቃ ነው። ብዙዎቹ ዘፈኖች ሁለት ደቂቃ አይሞሉም። የሚጫወቱት ታዳጊዎች፣ የሚሰሙትም ታዳጊዎች ነበሩ። አብዛኞቻችሁ ብትሰሙት ጆሯችሁን ትይዛላችሁ፤ አልፈርድባችሁም።

አንድ የወጣቶች መሪ፣ «ወንድሜ፣ የዓለም ጩኸት በእኛ መጽሔት ምን ይሠራል?» ሊለኝ ይችላል። ጩኸቱን ስሙ አላልኩም፤ ትጋታቸውን እዩ ነው የምለው። ታካች ሰው ወደ ገብረ ጉንዳን የሚላከው ጉንዳን እንዲሆን አይደለም። ደግሞስ እነዚህ ልጆች ከምታስቡት በላይ ይቀርቧችኋል። ቲን አይድልስ ካሊፎርኒያ በሄዱ ጊዜ አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ክለብ ለመጠጥ እንዳልደረሱ እንዲታወቅ በእጃቸው ጀርባ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት አደረገባቸው። ልጆቹ አላፈሩበትም። ምልክቱን ይዘው ተመለሱና የከተማቸውን ክለቦች፣ እኛም እጃችን ላይ ምልክት አድርጉብንና ሳንጠጣ አስገቡን ብለው ጠየቁ። በዚያ የመጀመሪያ ሸክላ ሽፋን ላይ የሚታየው ኤክስ የተጻፈባቸው እጆች ናቸው። ከእነርሱ ሁለቱ ቀጥለው ማይነር ትሬት የተባለውን ባንድ አቋቋሙ፤ ይህ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው «ስትሬት ኤጅ» የተባለ ዘፈን፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ አልጠጣም አደንዛዥ ዕፅም አልወስድም ለሚሉ ወጣቶች በብዙ አገር መጠሪያ ሆነ። ሃይማኖታዊ ንቅናቄ አልነበረም፤ እንደዚያ አድርጌ ልሸጥላችሁ አልፈልግም። ነገር ግን ይህን የምናውቀው እነርሱ ስላስቀመጡት ነው።

እንዴት አስቀመጡት? ስቱዲዮ አልነበራቸውም፤ ዶን ዚየንታራ የሚባል ሰው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ባለው መኖሪያ ቤቱ ባቋቋመው ኢነር ኢር በተባለ አነስተኛ መቅረጫ ሠሩ። የሸክላ ሽፋን እንዴት እንደሚሠራ አያውቁም ነበር፤ ከእንግሊዝ የመጣ ሸክላ ሽፋን ገንጥለው ዘረጉና ቅርጹን ገለበጡ። ካሳተሙት በኋላ በመቀስ ቆረጡት፣ በእጅ አጠፉት፣ በሙጫ አጣበቁት። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ የአሥራ አንድ ባንዶችን ዘፈኖች «ፍሌክስ ዩር ሄድ» በሚል በአንድ ሸክላ ሰበሰቡ። ከባንዶቹ አንዳንዶቹ ያኔ ፈርሰው ነበር። ቢሆንም አልተተዉም።

ወረቀቱም አለ። ዚን የሚሉት አንድ ሰው ወይም ሁለት ጓደኛሞች በታይፕራይተር ጽፈው፣ ፎቶ ቆርጠው ለጥፈው፣ በፎቶ ኮፒ አባዝተው የሚያድሉት መጽሔት ነው። በዲሲ እንደ «ትሩሊ ኒዲ» እና «ኢፍ ዚስ ጎዝ ኦን» ያሉ ዚኖች ነበሩ። ማን የት እንደተጫወተ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የትኛው አዳራሽ እንደተዘጋ እዚያ ላይ ታገኙታላችሁ። ትልልቆቹ ጋዜጦች እነዚህን ልጆች ከጉዳይ ባልቆጠሩበት ጊዜ እነርሱ ራሳቸውን ከጉዳይ ቆጠሩ።

ከዚሁ ወገን የወጣው ፉጋዚ የተባለ ባንድ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2002 ከ1,000 በላይ ኮንሰርቶች አቀረበ፤ ከ800 በላይ የሚሆኑትን የራሱ የድምፅ ባለሙያዎች ቀርጸው አኖሩ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ቅጂዎቹ ቀኑ፣ አዳራሹና ከተማው፣ ሲታወቅም የመግቢያው ዋጋ ሳይቀር እየተጻፈባቸው ለሕዝብ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2014 የዋሽንግተን ዲሲ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የከተማውን ፓንክ የሚመለከቱ ቅጂዎች፣ ዚኖች፣ ፎቶዎችና የግድግዳ ማስታወቂያዎች የሚያሰባስብ ክፍል ከፈተ። የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ነው! ባለሙያዎቹ ግን ያሰባሰቡት ከሰዎች ቁም ሣጥንና ከአልጋ ሥር ነው። ማንም ያልጻፈውንና ማንም ያላስቀመጠውን የትኛውም ባለሙያ ሊያወጣው አይችልም።

አሁን ወደ ሰበቦቻችን እንምጣ።

የመጀመሪያው ሰበብ ትሕትና የሚመስለው ነው። «ስለ ራሳችን መጻፍ ራስን ማወደስ ነው» ይላል። ይህ ትሕትና አይደለም፤ ስንፍና የለበሰው የትሕትና ካባ ነው። ከዮርዳኖስ ወንዝ አሥራ ሁለት ድንጋይ የተነሣው ለተሻገሩት ሰዎች ክብር አልነበረም፤ ገና ያልተወለዱ ልጆች እንዲጠይቁ ነው። ሳይጻፍ ሲቀር የሚጠፋውም የመድረኩ ሰው አይደለም፤ ስሙ በሌላም መንገድ ይቆያል። የሚጠፋው ወንበር የደረደረው፣ ኬብል የጠቀለለው፣ ከኋላ ቆሞ የዘመረው ነው።

ከዲሲ ልጆች ማስረጃ ላምጣላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መድረኩ በአብዛኛው የወንዶች ነበር። ስለዚያ ዘመን ከሚጠቀሱት መጻሕፍት አንዱን፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን «ባንድ ኢን ዲሲ» የተባለ የፎቶና የትዝታ መጽሐፍ ያዘጋጁት ግን ሲንቲያ ኮኖሊ፣ ሌስሊ ክላግና ሻረን ቼስሎው የተባሉ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ያሳተሙትም ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ እዚያው ዲሲ የነበሩ ወጣት ሴቶች «ራዮት ገርል» የተባለች ትንሽ ዚን በፎቶ ኮፒ ማባዛት ጀመሩ፤ በፓንክ ውስጥ ሴት ልጅ የሚደርስባትን መገፋትና ማስፈራራት በግልጽ ተናገሩ። ያቺ የወረቀት ቁራጭ የአንድ ሙሉ ንቅናቄ ስም ሆነች፤ ዛሬ የንቅናቄው ወረቀቶች በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እስኪ እህቶች፣ እናንተ በየኅብረታችሁ የምትሠሩትን ማን እየጻፈው ነው?

ሁለተኛው ሰበብ «እኛ ትንሽ ነን» የሚለው ነው። ቲን አይድልስ ምን ያህል ትልቅ ነበሩ? የጻፉት ትልቅ ስለ ነበሩ አይደለም። ትልቅ የመሰሉን ስለ ጻፉ ነው።

ሦስተኛው፣ የእናንተ ትውልድ ሰበብ፣ «ሁሉም ስልካችን ላይ አለ» ነው። የለም! ስልኩ ይሰረቃል፣ ሜሞሪው ይሞላል፣ የቴሌግራም ግሩፑን የከፈተው ልጅ አገር ይለቅቃል። ቪዲዮው ቢተርፍ እንኳ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ አልተጻፈበትም። ከአሥር ዓመት በኋላ የማይታወቁ ሰዎች የሚዘምሩበት የማይታወቅ አዳራሽ ይሆናል። የፉጋዚ ቅጂ ለሰሚ የሚጠቅመው የድምፁ ጥራት ስላማረ አይደለም፤ ብዙዎቹ ሻካራ ናቸው። የሚጠቅመው ቀንና ቦታ ስላለው ነው።

አራተኛው ሰበብ በመሪዎች አፍ የሚዘወተር ነው፤ «ነውራችንን ለምን እናስቀምጣለን?» ይላሉ። ማይነር ትሬት ገና በወጣትነታቸው ስለ ዘር ጉዳይ አንድ ዘፈን ሠርተዋል። የጻፈው ኢያን ማካይ ጥቁር ተማሪዎች በሚበዙበት ትምህርት ቤት ነጭ በመሆኑ ስለ ደረሰበት ነገር እንደሆነና ሐሳቡ ዘረኝነትን መቃወም እንደሆነ ደጋግሞ አስረድቷል፤ ሆኖም ዘረኞች ለራሳቸው ወስደውታል፤ ሌሎችም ወቅሰውታል። እርሱ ግን ዘፈኑን ከሸክላው አልፋቀውም። ጥያቄው በመጣ ቁጥር ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1985 አካባቢም ኮንሰርቶቹ በድብድብ ሲበላሹ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ይህ አካሄድ ይብቃ ብለው በአዲስ መንፈስ ተነሡ፤ ይህም ተጽፏል። የታጠበ ታሪክ ማንንም አያስተምርም። ልጆቻችን ከእኛ ውድቀት ካልተማሩ ያንኑ ውድቀት ከራሳቸው ኪስ ከፍለው ይገዙታል።

አሁን ደግሞ የሚያመኝን ልንገራችሁ። በዲሲ ዘመድ ያላችሁ አዳምስ ሞርጋን የሚባለውን ሰፈር ስሙን ታውቁታላችሁ፤ ወገኖቻችን ምግብ ቤት የከፈቱበት 18ኛው ጎዳና ያለበት ነው። ማዳምስ ኦርጋን የተባለ የሠዓሊዎች ቤት በዚያው ጎዳና ላይ ነበር፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መገናኛ ላይ ባድ ብሬንስና ቲን አይድልስ እዚያ ተጫውተዋል። ባድ ብሬንስ አራት ጥቁር ሙዚቀኞች ናቸው፤ ራስታፈሪያን ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 በካሴት ብቻ የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋን መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት ሲመታ ያሳያል፤ ቀለሙም አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ነው። የእኛን ቀለም ይዘው ድምፃቸውን አስቀመጡ። በእነዚያው ዓመታት ከደርግ ሸሽተው በዚያች ከተማ ሳሎን ውስጥ ተሰብስበው በአማርኛ የዘመሩ ወገኖችስ? ካሴታቸው በማን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው? በመካከላችሁ የሚያውቅ ካለ ዛሬ ስልክ ይደውል፤ ቴፕ ሲያረጅ ማንንም አይጠብቅም።

ሌላውን ብቻ እየወቀስኩ እንዳይመስላችሁ። በወጣትነቴ ሰባት ሆነን የምናገለግልበት ትንሽ መዘምራን ነበረን። ብዙውን ዝማሬ የሚያወጣው አንድ ዝምተኛ ወንድም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ቴፕ ሪከርደር ተውሰን አሥራ አንድ ዝማሬ በአንድ ካሴት ቀዳን። ካሴቱ እኔ ዘንድ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባዶ ካሴት አጥቼ የሬዲዮ ፕሮግራም ቀዳሁበት። ወንድማችን ዛሬ በሕይወት የለም። ልጁ ባለፈው ዓመት ወደ እኔ መጥታ፣ «ጋሼ፣ አባቴ ይዘምር ነበር ይሉኛል፤ ድምፁ አንተ ጋ አለ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ከአሥራ አንዱ ሁለቱን፣ እርሱንም የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ፣ በተሰበረ ድምፄ አዜምኩላት። ዘፈናቸውን የማንወድላቸው የዲሲ ልጆች ለማያውቁት ሰው ያደረጉትን እኔ ለወንድሜ ልጅ አላደረግኩም።

ስለዚህ ይህ ምክር አይደለም፤ ውዝፍ ሥራ ነው። ይህ እትም በኅብረታችሁ በተነበበ ሳምንት ሁለት ሰው ምረጡ፤ ወንድና ሴት ቢሆኑ መልካም ነው። አንድ ደብተር ግዙ። በእያንዳንዱ ፕሮግራም ቀኑን፣ ቦታውን፣ የዘመረውን፣ የዝማሬውን ደራሲ፣ ወንበር የደረደረውን ሳይቀር በሙሉ ስም ጻፉ። የተቀረጸውን ድምፅ በሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ቅጂ ከከተማችሁ ውጭ ይሁን። የቆዩ አገልጋዮች ቤት ሄዳችሁ ካሴታቸውን ለምኑ፤ ቅዱና መልሱላቸው። በዓመት ሁለት ጊዜ ስምንት ገጽ የምትሆን መጽሔት በፎቶ ኮፒ አባዙ፤ ተከራክራችሁ ከነበረም ክርክሩን ጻፉበት። በጀት የለንም አትበሉኝ፤ የ600 ዶላሩን ነገር ነግሬአችኋለሁ።

በኅብረታችሁ ሣጥን ያለችውን ቁጠሯት። ከዚያ በፊት ግን ቤታችሁ ያሉትን ካሴቶች አንድ በአንድ አውጥታችሁ እዩ። ያለ ጽሑፍ የተቀመጠ ካለ፣ በላዩ ላይ ምንም ሳትቀዱበት በፊት፣ አዳምጡት።