ሰበቃ የበረዶው፣ ፍጥነት የነጂው

ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት በሰሜናዊ የአሜሪካ ግዛቶችና በካናዳ ረዣዥም አውራ ጎዳናዎች በበረዶ ይሸፈናሉ። ጭነት ግን በረዶ ጣለ ተብሎ አይቆምም። ስለዚህ አንድ ቶን ተኩል ገደማ የምትመዝን የቤት መኪናና ከነጭነቱ እስከ 36 ቶን የሚደርስ ባለ ተሳቢ መኪና አንዱን አንሸራታች አስፋልት ይጋራሉ። ወገኖቻችንም በሁለቱም ውስጥ አሉ፤ ለትምህርት ሄደው መኪና መንዳት የሚጀምሩ አሉ፣ በከባድ መኪና ሹፌርነት የሚተዳደሩም ጥቂት አይደሉም። በመሆኑም ጉዳዩ ለአንባቢያችን የሩቅ ወሬ አይደለም ብለን እናምናለን።

ከመማሪያ ክፍል እንነሣ። ፍሬን ተይዞ የሚንሸራተት መኪና እስኪቆም የሚጓዘው ርቀት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ቀጥተኛ፣ ከሰበቃ ኮፊሸንት ጋር ደግሞ ተገላቢጦሽ ዝምድና አለው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ መኪና እናስላው። ኮፊሸንቱ 0.7 ገደማ በሆነበት ደረቅ አስፋልት ላይ ርቀቱ 46 ሜትር ያህል ነው። 0.2 አካባቢ በሆነበት የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ 160 ሜትር ይደርሳል። 0.1 በሆነበት መስታወት መሰል ግግር ላይ ግን ወደ 320 ሜትር ያድጋል፤ ይህም ሦስት የእግር ኳስ ሜዳ ያህል ነው።

ከቀመሩ ውስጥ መጠነ ቁስ ተሰርዞ ስለሚወጣ ተማሪዎች «እንግዲያውስ ከባዱና ቀላሉ እኩል ይቆማሉ» ሲሉ እንሰማለን። ይሁንና ተሳቢ የሚጎትት መኪና የመማሪያ መጽሐፍ ሣጥን አይደለም። የንፋስ ፍሬን ከተረገጠ በኋላ እስኪይዝ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ በዚያች ቅጽበት ብቻ መኪናው ከ12 ሜትር በላይ ይጓዛል። የጎታቹ ጎማዎች መንገዱን መያዝ ሲያቅታቸው ደግሞ ተሳቢው ከኋላ ይገፋዋል፤ መኪናውም እንደ ሴንጢ ታጥፎ መንገዱን ይዘጋል።

የተሰረዘው መጠነ ቁስ በግጭት ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። 36 ቶን የሚመዝነው መኪና በዚሁ ፍጥነት የቆመችን የቤት መኪና ገጭቶ አብረው ቢጓዙ፣ በሞመንተም ሕግ መሠረት ከባዱ ከፍጥነቱ የሚያጣው 4 በመቶ ብቻ ነው። ቀላሏ ግን ከዜሮ ተነሥታ በቅጽበት በሰዓት ወደ 86 ኪሎ ሜትር ትወረወራለች። አደጋው አንድ ቢባልም በሁለቱ ነጂዎች ላይ የሚደርሰው አንድ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2021 በቴክሳስ ግዛት በፎርት ወርዝ ከተማ፣ መሬት ሲነካ የሚረጋ ዝናብ አስፋልቱን በስስ ግግር ሸፈነው። ከ130 በላይ ተሽከርካሪዎች፣ ከባድ መኪኖችም ጭምር፣ እየተደራረቡ ተጋጩ፤ ስድስት ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ግግር በረዶ ከጽኑ ብርድ ጊዜ ይልቅ የሙቀት መጠኑ ወደ 0 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲጠጋ ይበልጥ እንደሚያንሸራትት ልብ ይሏል።

ጥፋቱን ሁሉ በከባድ መኪና ሹፌር ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ይመስለናል። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ መንገዱ አደገኛ ሲሆን ሹፌሩ ፍጥነቱን እንዲቀንስ፣ ሲብስም ጉዞውን እንዲያቋርጥ ያዛል። ነገር ግን ብዙዎቹ ሹፌሮች የሚከፈላቸው በተጓዙት ማይል ልክ ነው፤ ደንቡ ቁም ሲል ክፍያው ሂድ ይላል። አሠሪዎች በበረዶ ምክንያት ለቆመበት ሰዓት ቢከፍሉት ሹፌሩ ከእንጀራውና ከሕይወቱ መካከል ለመምረጥ አይገደድም ነበር። የቤት መኪና ነጂም ከከባዱ ፊት ዘሎ ሲገባ፣ ሹፌሩ ለመቆሚያ የተወውን ርቀት እየሰረቀ መሆኑን ሊረዳ ይገባል።

እንግዲህ ከቀመሩ ውስጥ ስበት የመሬት፣ ሰበቃም የበረዶው ነው፤ ለነጂው የተተወለት ፍጥነት ብቻ ነው። እርሱም ታላቅ ሥልጣን ነው። ፍጥነቱን በግማሽ የቀነሰ ሰው ርቀቱን ወደ ሩብ ያወርዳል፤ 320ው ሜትር 80 ይሆናል። ተማሪዎቻችን ይህን ስሌት ከፈተናው ወረቀት ጋር አስረክበው እንዳይወጡ አደራ እንላለን።