ሣሩ እሁድ ያርፋል

ስኮትላንድ ውስጥ ሴንት አንድሩስ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። እዚያ ያለው ኦልድ ኮርስ የተባለ የጎልፍ ሜዳ በዓለም ከታወቁት ሁሉ ስመ ጥሩ ነው። ለመጫወት ከየአገሩ የሚመጡ ሰዎች ዕጣ ውስጥ ገብተው ተራ ይጠብቃሉ። እሁድ ግን ሜዳው ዝግ ነው። መሬቱ የከተማው ሕዝብ የጋራ ሀብት በመሆኑ በዚያ ቀን ሰዉ ልጁንና ውሻውን ይዞ በሣሩ ላይ ሲንሸራሸር ይውላል።

«ጎልፍ የሀብታም ጨዋታ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ እህቶች ትኖራላችሁ። የምናውቀው የማዳም ሳሎን ስናጸዳ በቴሌቪዥን ካየነው አይበልጥም። የዚህ ሜዳ ነገር ግን እኛንም ይመለከታል።

እንዲህ ያለው የባሕር ዳር ሜዳ ሊንክስ ይባላል። በባሕሩና በእርሻው መካከል የቀረ፣ ለማረስ የማይመች አሸዋማ መሬት ነው። አሸዋን እኛ እናውቀዋለን። እዚያ በአሸዋው ላይ አጭር ሣር በቅሏል፤ ነፋሱን የሚከልል ዛፍ ግን እምብዛም የለም።

ጨዋታው 18 ቀዳዳዎች አሉት። ተጫዋቹ ከከተማው ጥግ ተነስቶ እስከ ኤደን ወንዝ መፍሰሻ ይሄዳል፤ ከዚያ ዞሮ ይመለሳል። የመጀመሪያው ቀዳዳ ፊት ለፊት ኳስ የምትውጥ ትንሽ ጅረት አለች። 11ኛው ላይ እ.ኤ.አ. በ1921 አሜሪካዊው ቦቢ ጆንስ ኳሱ አሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ገብታበት ውድድሩን አቋርጧል፤ በ1927 ተመልሶ እዚያው ሜዳ ላይ አሸነፈ። 14ኛው ላይ «ሲኦል» የሚባል ትልቅ የአሸዋ ጉድጓድ ይጠብቃል። 17ኛው ከጀርባው የመኪና መንገድና የድንጋይ አጥር አለው። በመጨረሻው ላይ ተጫዋቹ ትንሿን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ከተማው ቤቶች ይደርሳል።

ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ቀዳዳው ያለበት፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ የተከረከመው ቦታ ግሪን ይባላል። እዚያ ሜዳ ላይ ሰባቱ ግሪኖች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቀዳዳ ያስተናግዳሉ። የሚሄደውም የሚመለሰውም ይረግጣቸዋል። በማዳም ቤት ተቀጥራ የማዳምን እናት ቤትም የምታጸዳ እህት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳያስረዳት ታውቀዋለች።

ይህን ሜዳ በ19ኛው መቶ ዘመን ለረጅም ዓመታት የተንከባከበው የሸማኔ ልጅ የነበረው ቶም ሞሪስ ነው። የብሪታንያን ታላቅ ውድድር አራት ጊዜ ያሸነፈ ተጫዋችም ነበር። ተጫዋቹ ዕረፍት ባያስፈልገው እንኳ መሬቱ ያስፈልገዋል የሚለው አባባል እስከ ዛሬ ከስሙ ጋር ይነሳል። እኛም ይህን ከአገር ቤት እናውቀዋለን፤ በሰንበት በሬ አይጠመድም።

ሜዳው እሁድ የሚከፈትበት ጊዜም አለ፤ ታላላቅ ውድድሮች የሚጠናቀቁት በእሁድ ነውና። ግን ያ ቀን አስቀድሞ ይታወቃል። ሌላው እሁድ ሁሉ የዕረፍት ቀን ሆኖ ይቀራል። ሣሩ በየሳምንቱ ማንንም አያስፈቅድም፤ ደንብ ስለሆነ ብቻ ያርፋል።

ለእኛም ደንቡ አለ። ኩዌት በ2015፣ ኳታር በ2017 ባወጧቸው ሕጎች፣ ኤምሬትስም በ2022 ባወጣችው ሕግ፣ የቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን የማረፍ መብት አላት። የሳዑዲ አዲሱ ደንብም ይህንኑ ይላል። ችግሩ ብዙዎቻችን ቀኑን እንደ መብት ሳይሆን እንደ ውለታ መጠየቃችን ነው። «ማዳም፣ በዚህ ሳምንት ልውጣ?» ብላ በየሳምንቱ የምትለምን ሠራተኛ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቀኗን ታጣለች።

«ከዕረፍቱ ገንዘቡ ይሻለኛል» የምትል እህት አለች። እዳ ያለባትን፣ ወንድሟን የምታስተምረውን አልወቅስም። በዕረፍት ቀኗ ከሠራች ግን ምትኩን ቀን ወይም ክፍያውን ትጠይቅ፣ የሠራችበትንም ቀን በደብተር ትጻፍ። ደግሞም ዓመቱን ሙሉ ሳያርፍ የሠራ ጉልበት ይደክማል፤ የወገብና የጉልበት ሕመም ይዞ አገር መግባት የተላከውን ብር ለሐኪም መልሶ መክፈል ነው።

ቤት ውስጥ መቀመጥንም ዕረፍት አንበለው። ሕፃኑ ሲያለቅስ የምትነሺው አንቺ ነሽ፤ በሩ ሲንኳኳ የምትከፍቺውም አንቺ። ሰው ያረፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ ሲሄድ፣ ከጓደኛው ጋር ቡና ሲጠጣ፣ በባሕሩ ዳር ሲንሸራሸር ነው።

ስለዚህ አዲስ ኮንትራት የምትፈርሙ እህቶች፣ «በሳምንት አንድ ቀን» በሚለው ብቻ አትለፉት። የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ። ዓርብ ከሆነ ዓርብ፣ እሁድ ከሆነም እሁድ ተብሎ ይጻፍ። ሥራ ላይ ያላችሁም ማዳም ደስ ባላት ሰዓት ቁጭ ብላችሁ አንድ ቀን በስሙ ተስማሙ። ስም የሌለው ቀን በቀላሉ ይረሳል።