የምርጫ ዘመቻውን ሒሳብ የሚከፍለው ማን ነው?



ምርጫ በደረሰ ቁጥር አደባባዩ በባነር፣ ወጣቱ በቲሸርትና በኮፍያ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥኑ በማስታወቂያ ይሞላል። ለዚህ ሁሉ የከፈለ ሰው አለ። ከከፈሉትም መካከል ገንዘቡን መልሶ ለማግኘት የሚጠብቅ አይጠፋም።

ለፓርቲ በድብቅ ብዙ ገንዘብ የሰጠ ባለሀብት ከምርጫው በኋላ ውለታውን በሊዝ ቦታ፣ በመንግሥት ጨረታ ወይም በግብር ምሕረት ሊጠይቅ ይችላል። ያኔ ዕዳው የሚወድቀው ውሃ በፈረቃ በሚጠብቀውና በቤት ኪራይ በሚማረረው ነዋሪ ላይ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ እንደሆነ ደንግጓል። ገንዘብ ሰጪው በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ሆኖም ትልቁ ለጋሽ ሁልጊዜ ባለሀብት ብቻ አይደለም። የመንግሥት መኪና፣ ነዳጅና አዳራሽ ለገዥው ፓርቲ ቅስቀሳ ሲውል፣ ሳይጠየቅና ሳይፈቅድ ያዋጣው ግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው። አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ያዘዘውም በከንቱ አይደለም።

መድረኩ ሲከፈት ሐሳብ ገንዘብን እንደሚረታ በ1997 ዓ.ም. አይተናል። በዚያ ዓመት ፓርቲዎች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ፊት ለፊት ተከራከሩ፤ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከነበሩት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ተቃዋሚው ቅንጅት አሸነፈ። መራጩ የፖስተር ብዛት አልቆጠረም፤ ሁለቱንም ወገን አዳምጦ ፈረደ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ፓርቲዎች ሒሳባቸውን ለምርጫ ቦርድ እንዲያቀርቡ ያዛል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን መራጩ የለጋሾቹን ስም የሚያውቀው ድምፁን ከሰጠ በኋላ ከሆነ ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

በእርግጥ ለተቃዋሚ መስጠቱ ቢታወቅ ንግድ ፈቃዴን እነጠቃለሁ ብሎ የሚሰጋ ነጋዴ አለ። ስጋቱን አናቃልልም። ስለዚህ የአነስተኛ መዋጮ ሰጪዎች ስም ይጠበቅ፤ ተመራጭን ባለዕዳ ሊያደርግ የሚችል ትልቅ ስጦታ ግን በይፋ ይነገር እንላለን።

ብትመርጡን የሚከተሉትን በሕግ እናስደነግጋለን፦

1. የትልልቅ ለጋሾች ስምና የሰጡት መጠን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለሕዝብ ይገለጻል።
2. ለሁሉም ፓርቲዎች የዘመቻ ወጪ ጣሪያ ይበጃል።
3. እያንዳንዱ የፖለቲካ ማስታወቂያ የከፋዩን ስም ይይዛል።
4. የመንግሥትን ንብረት ለቅስቀሳ ያዋለ ባለሥልጣን ከኪሱ ይተካል፣ በሕግም ይጠየቃል።
5. በለጋሽነቱ ምክንያት ዜጋን ያጉላላ ሹም ይቀጣል።

የመጀመሪያውን ለመፈጸም ሥልጣን አንጠብቅም። ከምርጫው ቀን በፊት ከ10,000 ብር በላይ የሰጡንን ሰዎች፣ አስቀድመን ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ በጽሕፈት ቤቶቻችን በር ላይ እንለጥፋለን። ስሙ እንዳይገለጽ የፈለገን ሰው ስጦታ አንቀበልም። ሌሎች ፓርቲዎችም ይህንኑ እንዲያደርጉ ጠይቋቸው፤ መልሳቸውንም ሰምታችሁ ድምፃችሁን ስጡ።