ማዕዘንና የአኃዝ መልክ

ልጅ አባቱን «2 ለምን እንዲህ ተጠመዘዘ? 4ስ ለምን እንዲህ ተሰበረ?» ብሎ ሲጠይቀው፥ በዛሬው ጊዜ ብዙ አባቶች የሚሰጡት መልስ አንድ ዐይነት ነው። ይኸውም በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይና ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የምናየው ሥዕል ነው። በዚህ ሥዕል አኃዞቹ ሁሉ ኩርባቸው ተትቶ በቀጥታ መሥመር ተሥለዋል፤ በየማዕዘናቸውም ነጥብ ተደርጎባቸዋል። 1 አንድ ማዕዘን አለው፤ 2 ሁለት፥ 3 ሦስት፥ እንዲህ እየተባለ እስከ 9 ይደርሳል። ዜሮ ግን ክብ ስለ ሆነ አንድም ማዕዘን የለውም። የፈለሰፉትም አንድ ጊዜ ፊንቄያውያን፥ ሌላ ጊዜ ዐረቦች ናቸው እየተባለ ይነገራል።

ነገሩ ያማረ ነው፤ ለማስታወስም ይቀላል። ዳሩ ግን እውነት አይደለም። በዚህ ዓምድ፥ በመሥሪያ ቤት እየሠሩ አማርኛ ለሚማሩ አንባብያን ይህን ጉዳይ ያነሣንበት ምክንያት አለን። አኃዝ ከየት እንደ መጣ የማያውቅ ሰው፥ በተለይ የግዕዙን አኃዝ በደብዳቤ ወይም በዐዋጅ ራስ ላይ ሲያገኘው፥ እንደ ተራው ቍጥር ሊያነበው ይሞክራል፤ ይሳሳታልም። በመሥሪያ ቤት ደግሞ የቀን ስሕተት የቀን ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የባለጉዳዩን ጡረታ ወይም የይግባኝ ጊዜውን ይነካል።

በመጀመሪያ ስለ ማዕዘን እንናገር። ሁለት ቀጥታ መሥመሮች ከአንድ ነጥብ ሲነሡ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ማዕዘን ይባላል። በመማሪያ መጻሕፍት «ዘዊት» ብለው የሚጽፉት አሉ፤ እኛ በትግርኛ «ኩርናዕ» የምንለው ነው። አማርኛው ቃል ሰፊ መሆኑን ተማሪ ሊያውቀው ይገባል፤ የቤት ጥግ ማዕዘን ነው፥ በጥጉ የሚቀመጠው ደንጊያ የማዕዘን ደንጊያ ነው፥ ሦስት ጎን ያለው ቅርጽም ራሱ «ሦስት ማዕዘን» ይባላል።

የማዕዘን መጠን የሚለካው በዲግሪ ነው። አንድ ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ መሆኑ ከባቢሎን የሰማይ ተመልካቾች የወረደ ልማድ ነው፤ እነርሱ በ60 እየመደቡ ይቈጥሩ ነበርና። አንድ ሰዓት 60 ደቂቃ የሆነውም ከዚያው የተነሣ ነው። የዙሩ ሩብ 90 ዲግሪ ነው፤ የደብተር ጥግ ይህን ይመስላል። ከ90 ያነሰው ሹል ማዕዘን ይባላል። ከ90 በልጦ 180 ያልደረሰው ዝርጥ ማዕዘን ነው። ልክ 180 የሆነው ዝርግ ማዕዘን ሲባል፥ ለዐይን አንድ ቀጥታ መሥመር እንጂ ማዕዘን አይመስልም። ከ180 አልፎ ወደ ኋላ የዞረም ማዕዘን አለ፤ እርሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ግንበኛ ግን እነዚህን ሁሉ ያለ መጽሐፍ ያውቃቸዋል። መሠረት ሲያወጣ ከጥጉ ተነሥቶ በአንዱ ገመድ ላይ 3 ሜትር፥ በሌላው ገመድ ላይ 4 ሜትር ለክቶ ምልክት ያደርጋል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር ከሆነ ጥጉ 90 ዲግሪ ነው። 5 ካልሞላ ጥጉ ሾሏል፤ ከ5 ካለፈም ተዘርጥጧል ማለት ነው፤ ገመዱን ያስተካክላል። ለትንሹ ሥራ እስኳድራ ይበቃዋል፤ ለግድግዳው ቁመት ቱንቢ ይጥላል። በእጁ ያለው ሂሳብ ከብዙ ተማሪ ሂሳብ የጠራ ነው።

እንግዲህ ሥዕሉን በዚህ መለኪያ እንመርምረው። ሁለት መሥመሮች በተገናኙ ቍጥር ማዕዘኑ አንድ ብቻ አይደለም፤ በውስጥ በኩል 60 ዲግሪ ቢሆን፥ በውጭ በኩል 300 ዲግሪ የሆነ ሌላ ማዕዘን አለ። የውጩም ከተቈጠረ 1 ራሱ ሁለት ማዕዘን ይኖረዋል። «የውስጡን ብቻ እንቍጠር» ቢባል ደግሞ 4 ያስቸግራል። ሁለት መሥመሮች ሲቋረጡ በመቋረጫው ላይ ብቻ አራት ማዕዘን ይፈጠራል፤ ከላይና ከግራ ያሉት ሁለቱ ሲጨመሩ 4 ስድስት ማዕዘን አገኘ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን 6ና 9 ናቸው። 6ን ገልብጠን ብናየው 9 ይሆናል። ወረቀት ቢገለበጥ በላዩ የተሣለው ቅርጽ ማዕዘን አይጨምርም፥ አይቀንስም። ስለዚህ 6 ስድስት ማዕዘን ካለው፥ 9ም ያለው ስድስት ነው። የሥዕሉ ባለቤት ይህን ስላወቀ ይመስለናል፥ በ9 ጭራ ላይ ማንም ጸሐፊ የማይጽፈውን ጥምዝምዝ ቀጥሎ የጐደሉትን ሦስቱን ሞላ። 7ም እንዲሁ ነው፤ እኛ የምንጽፈው 7 አንድ ማዕዘን ብቻ ሲኖረው፥ በሥዕሉ ላይ ግን በወገቡ መቀነት፥ በእግሩም መቆሚያ ተደርጎለት ሰባት ደርሷል። መልሱ አስቀድሞ ከታወቀ በኋላ ሂሳቡን ለመልሱ ማበጀት ይህ ነው።

የዚያው ቤተ ሰብ ሌላውም ወገን ይመስክር። በግብጽና በሱዳን የሚጻፈው አኃዝ ከእኛ 1፥ 2፥ 3 ጋር የአንድ ምንጭ ልጅ ነው። በዚያ ግን አምስት የሚጻፈው እንደ ክብ ነው፤ ማዕዘን የለውም። ዜሮ ነጥብ ነው። ሰባት ሹሉ ወደ ታች፥ ስምንት ሹሉ ወደ ላይ ሆነው በአንድ አንድ ማዕዘን ብቻ ይጻፋሉ። የማዕዘን ብዛት የአኃዝ መሠረት ቢሆን ኖሮ ወንድማማቾቹ እንዲህ ባልተለያዩም ነበር።

እውነተኛው ታሪክ ከዚህ ያነሰ ቢያምርም ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። (ከዚህ በታች ለውጭ አገር ታሪክ የምንጠቅሳቸው ዘመናት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የምንጩ አገር ሕንድ ነው። ንጉሥ አሾካ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በደንጊያ ላይ ካስቀረጻቸው ጽሑፎች ጀምሮ፥ ብራህሚ በሚባለው ፊደል የቍጥር ምልክቶች ይገኛሉ። በጥንታውያኑ የሕንድ ጽሑፎች አንድ አንድ ጭረት፥ ሁለት ሁለት ጭረት፥ ሦስትም ሦስት ጭረት ነበር። አራት መስቀል ይመስል ነበር። ሌሎቹ ግን የየራሳቸው ምልክት ነበራቸው።

ከዚያ በኋላ ሥራውን የሠራው የጸሐፊ እጅ ነው። በአግድም የተደረደሩ ሁለት ጭረቶች ብዕር ሳይነሣ በችኰላ ሲጻፉ፥ የላይኛው ጫፍ በሰያፍ ወርዶ ከታችኛው ጋር ይያያዛል፤ 2 ተወለደ። ሦስቱ ጭረቶች በቀኝ በኩል ሲያያዙ 3 ሆኑ። የአራት መስቀል አንዱ ክንፍ ከላይኛው ጫፍ ጋር ሲገናኝ ዛሬ የምናውቀውን 4 ሰጠ። አንባቢ በወረቀት ላይ አምስት ጊዜ በፍጥነት ቢሞክረው እጁ ራሱ ያስረዳዋል።

ስለ ዜሮ ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ በ628 የመደመሩንና የመቀነሱን ደንብ ጽፏል። በ662 የሶርያው ጳጳስ ሳዊሮስ ሰቦክት ሕንዶች በዘጠኝ ምልክቶች የሚያደርጉትን ሂሳብ አድንቆ ጻፈ። በሕንድ ጓሊዮር በምትባል ከተማ በ876 በተቀረጸ ጽሑፍ ላይ 270ና 50 ከነዜሮአቸው ይታያሉ። አልኽዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በባግዳድ ስለዚሁ ሂሳብ መጽሐፍ ደረሰ። አኃዞቹ በሰሜን አፍሪካና በስጳኝ በኩል ወደ አውሮፓ ገቡ፤ በሰሜን ስጳኝ ገዳም በ976 በተጻፈ መጽሐፍ ዘጠኙ ይገኛሉ፥ ዜሮ ግን የለችም። የፒሳው ሌዎናርዶ፥ ፊቦናቺ የሚባለው፥ አባቱ ለንግድ ጉዳይ ባለበት በአልጄርያዋ ወደብ በቡጂያ ተምሮ በ1202 በጻፈው መጽሐፍ ለነጋዴዎች አስተማረ። ስሟም አብሯት ተጓዘ፤ ሕንዶች «ባዶ» ያሉትን ዐረቦች «ሲፍር» ብለው ተረጐሙት፥ ከዚያም በኢጣልያ አፍ «ዜሮ» ሆነ።

የግዕዝ አኃዝ ግን ከዚህ ቤተ ሰብ አይደለም። ግሪኮች ፊደላቸውን እንደ ቍጥር ይጠቀሙበት ነበር፤ አልፋ አንድ፥ ቤታ ሁለት፥ ጋማ ሦስት እያሉ ይሄዳሉ። የእኛ ፩፥ ፪፥ ፫ ከነዚህ ፊደላት የመጡ ናቸው። ፲ ዮታ ነው፥ ፳ ካፓ ነው፥ ፻ ሮ የሚባለው ፊደል ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ንጉሥ ዒዛና በአክሱም ባስቀረጻቸው የግዕዝ ጽሑፎች ውስጥ ይገኛሉ። ከዚያ ወዲህ በብራና ላይ የጸሐፍት እጅ እየለዘበ ወደ ግዕዝ ፊደል መልክ ስቧቸዋል፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው ከሀ እስከ ፐ ካሉት ፊደላት የተወሰዱ የሚመስሉት። ከላይና ከታች ያለው መሥመርም ጌጥ አይደለም። ግሪኮች ፊደሉ ቃል ሳይሆን ቍጥር መሆኑን ለማስታወቅ በላዩ ላይ መሥመር ይስቡ ነበር፤ የአገራችን ጸሐፍት ከታችም አከሉበት።

ምልክቶቹ ሃያ ናቸው፤ ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ፥ ከ፲ እስከ ፺ ዘጠኝ፥ ከዚያም ፻ና ፼። ፼ ሁለት ፻ ተያይዘው የሆኑት ነው፤ መቶ ጊዜ መቶ ዐሥር ሺህ ነውና። ግሪኮች ለሁለት መቶም ለሦስት መቶም ለየብቻው ፊደል ነበራቸው፤ ግዕዝ ግን ያን ትቶ ፪፻፥ ፫፻ ብሎ በማባዛት ሄደ። በእኛ አስተያየት ይህ ከመምህሩ የተሻለ ነው።

ስለዚህ አነባበቡ እንዲህ ነው። ከ፻ በስተግራ ያለው መቶዎቹ ስንት እንደ ሆኑ ይናገራል፥ በስተቀኝ ያለው ይደመራል። የዐድዋ ድል ቀን፥ የካቲት ፳፫ ቀን ፲፰፻፹፰ ዓ.ም. ተብሎ ይጻፋል፤ ዐሥራ ስምንት መቶ፥ ሰማንያ ስምንት፥ ማለት 1888። 2000 ዓ.ም. በሁለት ምልክት ብቻ ፳፻ ተብሎ ያልቃል፤ ሃያ መቶ ነውና ዜሮ አያስፈልገውም። 12,345 ሲጻፍ ፼፳፫፻፵፭ ይሆናል። 1888ን ፩፰፰፰ ብሎ መጻፍ ግን ስሕተት ነው፤ አልፎ አልፎ በማስታወቂያ ላይ ብናየውም በግዕዝ ደንብ ትርጕም የለውም። ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛው ዓምድ ዘመኑንና አንቀጹን ለብዙ ዓመታት በዚህ አኃዝ ሲያወጣ ስለ ኖረ፥ የቆየ ዐዋጅ የሚያገላብጥ ሠራተኛ ይህን ሳያውቅ አይዘልቅም። በተለይ ፮ና ፯ን ይጠንቀቅ፤ ጽሑፉ ሲደበዝዝ ከቶ አይለዩም።

አሁን ወደ ሂሳብ ክፍል እንለፍ። በ1299 በፍሎረንስ ከተማ የገንዘብ መንዛሪዎች ማኅበር አባሎቹ መዝገባቸውን በአዲሶቹ አኃዞች እንዳይጽፉ በደንቡ ከለከለ። እነዚህ አኃዞች ለአጭበርባሪ የተመቹ ናቸውና፤ ዜሮ ጭራ ሲጨመርላት 6 ወይም 9 ትሆናለች፥ በቀኝ በኩል አንዲት ዜሮ ብትቀጠል 50 ብር 500 ይሆናል። የግዕዙም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ ፭ ብር በተባለው ላይ አንዲት ፻ ብትጨመር ፭፻ ብር ነው። በደረሰኝና በቼክ ላይ ገንዘቡ በአኃዝ ከተጻፈ በኋላ በፊደል «አምስት መቶ ብር ብቻ» ተብሎ የሚደገመው ለዚህ ነው። «ብቻ» የምትለው ቃል አጥር ናት፤ ከርሷ በኋላ የሚጨመር የለም። ከመጀመሪያው ቃል በፊት ቦታ ከተተወ ግን አጥሩ በአንድ ወገን ክፍት ነው፤ መጻፍ የሚጀመረው ከመሥመሩ ዳር ነው።

ያ ሥዕል ሰባት ማዕዘን ለመሙላት በ7 ወገብ ላይ ያሠረው መቀነትም በእርግጥ በብዙ ሰው እጅ ይገኛል፤ እኛም እንጽፈዋለን። የምናደርገው ግን 7 ከ1 ጋር እንዳይምታታ ነው።