ግምጃ ቤታችሁን ታውቁታላችሁ?

ዛሬ በጥያቄ እንጀምር። ከባለቤታችሁ ጋር ብቻችሁን ከቤት ወጥታችሁ የዋላችሁት መቼ ነው? ለለቅሶ ወይም ለሰርግ የወጣችሁበትን አትቁጠሩ። ለገበያ፣ ለሐኪም ቤት፣ ለስብሰባ የሄዳችሁበትንም ተዉት። አብሮ ለመሆን ብቻ የወጣችሁበትን ቀን አስቡ። ብዙዎቻችሁ የጫጉላው ሳምንት ትዝ ይላችሁ ይሆናል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ እሱም አልነበራችሁም።

ለምን እንደዚህ ሆነ ብንል መልሱ ብዙ ነው። ገንዘብ የለም፤ ልጆቹን የሚይዝ ሰው የለም፤ እሁድ አምልኮ፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ሌላው ቀን ሥራ ነው። «ሽርሽር የከተማ ሰው ነገር ነው» የሚልም አይጠፋም። ስለዚህ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ስለ ዘይት፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ ቤት ኪራይ ብቻ የሚነጋገሩ የሥራ ባልደረቦች ይሆናሉ። ጠብ የለም፤ ግን ጨዋታም የለም። እንዲህ ያለው ትዳር ድንገት አይፈርስም። ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘውን ለማሞቅ ደግሞ ሽማግሌ መጥራት አያስፈልግም፣ ምክንያቱም ማንም ማንንም አልበደለም። የሚያስፈልገው አብሮ የሚውሉበት ጊዜ ነው። ጌታ ኢየሱስ ራሱ ደቀ መዛሙርቱ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡበት ወቅት ገለል ብለው ጥቂት እንዲያርፉ መጥራቱን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እናነባለን።

በዚህ ዕትም የምናያችሁ በአገው አዊ ዞን፣ በአንከሻ ወረዳ በግምጃ ቤትና በዙሪያዋ ያላችሁትን ነው። ሌሎቻችሁም ስለ ራሳችሁ አካባቢ እያሰባችሁ አንብቡት። ግምጃ ቤት የሚለው ቃል ሀብት የሚቀመጥበት ቤት ማለት ነው። የከተማችሁ ስም ይህ ሆኖ ሳለ በዙሪያችሁ ያለውን ሀብት ስንቶቻችሁ አይታችሁታል? «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አባቶች። ሙሽሮች ሐዋሳና ባሕር ዳር ለመሄድ ብር ይበደራሉ። ሌላው ሰው ግን ከሩቅ የሚያየው ሐይቅ እናንተ በአውቶቡስ መስኮት እያያችሁት የምታልፉት ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንመልከት።

ዘንገና ሐይቅ

ከአዲስ አበባ በቡሬና በጥሊሊ አድርጎ ወደ እንጅባራ የሚመጣ መንገደኛ ከተማዋ ከመግባቱ በፊት ዘንገናን ያገኛል። ከዋናው አስፋልት ብዙም አይርቅም፤ ከእንጅባራ ተነሥታችሁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሐይቁ ክብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የተፈጠረው በጥንት ዘመን በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ነው። ከምድር ውስጥ የወጣው የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ በእንፋሎት ኃይል ፈነዳና ጉድጓድ ተወ፤ ጉድጓዱም ውኃ ሞላበት።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ጥልቀቱ ነው፤ 166 ሜትር እንደሆነ ተለክቷል። ይህ ሃምሳ ፎቅ ያለው ሕንፃ ቢቆምበት የሚውጥ ጥልቀት ነው። ያ ሁሉ ስፋት ያለው ጣና እንኳ በጥልቁ ቦታ ከ15 ሜትር ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባችሁ፦ ዋና እችላለሁ ብላችሁ አትግቡ፤ ልጆቻችሁንም ከዳሩ አርቁ። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ዳሩ እንደ ወንዝ ዳር ቀስ እያለ አይጠልቅም። ሁለት እርምጃ ብቻ በቂ ሊሆን ይችላል።

በሐይቁ ዙሪያ ዛፍ አለ፤ ወፎችና ጦጣዎችም ይታያሉ። ዳቦና ሻይ ይዛችሁ ሂዱ። የውኃ ፕላስቲኩንና ፌስታሉን ግን ይዛችሁ ተመለሱ። እግዚአብሔር የፈጠረውን አድንቀን ቆሻሻችንን ጥለንለት ብንመለስ አድናቆታችን ምን ትርጉም አለው?

ጥርባና ፋንግ

ዘንገናን ያየ ሰው ጥርባንም ቢያይ መልካም ነው። ጥርባ ሐይቅም እንደ ዘንገና በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ነው። ጎብኚ ብዙም ስለማይበዛበት ጸጥታ ለሚፈልጉ ባለትዳሮች ይስማማል። ጥንዶች ብዙ ጊዜ መነጋገር የሚያቅታቸው ነገር ስለሌላቸው አይደለም፤ ዝም ብለው አብረው የሚቀመጡበት ቦታ ስለሌላቸው ነው። ወሬው ከዝምታው በኋላ ራሱ ይመጣል።

በዚያው በእንጅባራ ዙሪያ ፋንግ ፏፏቴ አለ። የፋንግ ልዩ ነገሩ ውኃው ብቻ አይደለም፤ ዐለቱ ነው። ድንጋዩ ሰው ጠርቦ ጎን ለጎን ያቆመው ምሰሶ ይመስላል። ማንም አልጠረበውም። የቀለጠው ዐለት ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ በመሰነጣጠቁ እንደዚያ ያለ ቅርጽ ያዘ። ለልጆቻችሁ ይህን ብታሳዩአቸው በክፍል ውስጥ ከሚሰሙት ይልቅ አይረሱትም። ፏፏቴው የሚያምረው ክረምቱ እንደወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት ውኃው ሳይቀንስ ነው። መንገዱ ግን ሊያንሸራትት ስለሚችል ሚስቶች ባለ ተረከዝ ጫማ፣ ባሎችም የሰንበት ጫማ ትታችሁ ሂዱ።

ፈረሶቹ

አዊ ሲነሣ ፈረስ ይነሣል። የሰባት ቤት አገው የሚባሉት አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ኳኩራ፣ ዚገም፣ ጫራና መተከል ናቸው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም፣ አገራችን ገና በጣሊያን ወረራ ሥር ሳለች ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉ ይከበራል፤ ፈረሶቹ በዓድዋ ጦርነት የነበራቸው ድርሻም ይታሰብበታል። የተሸለመ ፈረስ በሜዳው ላይ ሲጋልብ ማየት ለትልቅም ለትንሽም ደስ ይላል።

ከዚህ በዓል ለትዳር የሚሆን ትምህርትም አለ። ፈረስ በበዓል ቀን የሚያምረው ዓመቱን ሙሉ ስለተቀለበ ነው። በበዓሉ ዋዜማ ብቻ የሚታጠብና የሚሸለም ፈረስ ሜዳው ላይ ያሳፍራል። ትዳርም እንዲሁ ነው። በሰርግ መታሰቢያ ቀን ኬክ ቆርሶ ሌላውን ቀን መርሳት አያስኬድም።

ዳንግላና እንግሊዛዊው ቆንስል

ከእንጅባራ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ ዳንግላን ታገኛላችሁ። ዛሬ ዳንግላ የምናውቃት በገበያዋ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ሮበርት ቺዝማን የተባለ የእንግሊዝ ቆንስል መቀመጫው እዚህ ነበር። ይህ ሰው ሥራውን ከቢሮ ውስጥ ብቻ አልሠራም፤ በበቅሎና በእግሩ ዓባይን ተከትሎ እየተጓዘ የጣናንና የዓባይን መልክዓ ምድር አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፍ አሳተመ። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ዓመታት የደከመበትን አገር እኛ ተወልደንበት ሳናየው ብናረጅ አያሳዝንም? በዳንግላ የምትኖሩ ወላጆች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከተማውን በእግር ዙሩ፤ አረጋውያንንም የድሮዋን ዳንግላ እንዲተርኩላችሁ ጠይቁ። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ግሽ ዓባይ

ከጥሊሊ በኩል ወደ ሰከላ የሚወስደው መንገድ ግሽ ዓባይ ያደርሳችኋል። ከዚያ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይገባል፤ ከጣና ደግሞ ታላቁ ዓባይ ይወጣል። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ይህን ምንጭ ለማየት መጥተዋል። ትልቅ ነገር ጠብቆ የሚሄድ ሰው ምንጩን ሲያይ «ይሄው ነው?» ሊል ይችላል። አዎ፣ ይሄው ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ያቆመው ውኃ አንዱ መነሻ ይህ ትንሽ ምንጭ ነው። ትንሹን ጅማሬ የሚንቅ ሰው እዚህ ቢመጣ ይማራል።

ቦታው ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያኖች የተቀደሰ ጸበል መሆኑን አትርሱ። ወደ ምንጩ የሚቀርብ ሰው ምግብ ሳይቀምስ እንዲሆን የቦታው ሥርዓት ይጠይቃል። ጫማ አውልቁ ከተባላችሁ አውልቁ፤ አትቅረቡ ከተባላችሁ ከሩቅ አይታችሁ ተመለሱ። የሰው ቤት የሚገባ እንግዳ የቤቱን ሥርዓት ያከብራል። እዚያ ሆኖ ክርክር መክፈት ጎረቤትን ማስቀየም እንጂ ምስክርነት አይደለም።

በመንገድ ላይ የምታዩት

የእንጅባራ አካባቢ በቀርከሃ ይታወቃል። ከቀርከሃ የተሠራ ወንበርና ጠረጴዛ በመንገድ ዳር ሲሸጥ ታያላችሁ። አዲስ ተጋቢዎች የቤት ዕቃ ከሩቅ በብድር ከምታመጡ፣ ይህን ብታዩ ዋጋውም ይቀላል፣ የአገራችሁም ባለሙያ ይጠቀማል።

በባንጃና በፋግታ ለኮማ ደግሞ በማሳ ላይ የተተከለውን ዲከረንስ ልብ በሉ። ገበሬው ዛፉን ተክሎ፣ ጥቂት ዓመት ጠብቆ፣ ከሰል አክስሎ ይሸጣል፤ ከዚያም መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። በዚህ ብዙ ቤተሰብ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል፣ ልጅም አስተምሯል። በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ገብቶ ብዙዎችን ጎዳ። ባልና ሚስት በዚያ ስታልፉ፣ «የእኛስ ቤት በአንድ ገቢ ላይ ብቻ ነው የቆመው? እሱ ቢደርቅ ምን እናደርጋለን?» ብላችሁ ተነጋገሩ። ቤት ውስጥ ሲነሣ ጠብ የሚሆን ጥያቄ መንገድ ላይ ሲነሣ ምክክር ይሆናል።

ከመውጣታችሁ በፊት

አንደኛ፣ ስለ ሰላም። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ መንገድ ዘግቷል፣ ብዙ ቤተሰብም አሳዝኗል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ሳትጠይቁ አትውጡ። መንገዱን የሚያውቁ ሾፌሮችን፣ በቦታው ያሉ ዘመዶቻችሁን በዚያው ቀን ጠዋት ጠይቁ። «ይቅርባችሁ» ከተባላችሁ ይቅርባችሁ፤ ሐይቁ የትም አይሄድም። በሩቅ ያላችሁትም ሁኔታው እስኪረጋጋ ታገሡ። ስትሄዱም በጊዜ ሄዳችሁ በጊዜ ተመለሱ።

ሁለተኛ፣ ስለ ወጪ። አትበደሩ። ምሳ ከቤት ቋጥሩ፤ የትራንስፖርቱን ከወር ወጪ ላይ ቀስ እያላችሁ አስቀምጡ። ወንድሞች፣ ምሳውን ማዘጋጀት የእናንተም ድርሻ ይሁን። ሚስት ሌሊት ተነሥታ እንጀራ ጋግራ፣ ወጥ ሠርታ፣ ልጅ አጥባ ከወጣች ያ ቀን ለእሷ ዕረፍት ሳይሆን ተጨማሪ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ልጆች። አንዳንዴ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ አንዳንዴ ግን ለአያት ወይም ለታመነ ጎረቤት ተዉአቸው። በሌላ ቀን እናንተም የጎረቤታችሁን ልጆች ያዙላቸው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያሉ አራት ቤተሰቦች እንዲህ ቢስማሙ በዓመት ውስጥ ሁሉም ይወጣሉ።

አራተኛ፣ ስለ ስልክ። ለመንገድና ለአደጋ ያስፈልጋችኋል፤ ከእጃችሁ ግን አውርዱት። ፎቶ ተነሡ፣ ከዚያ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ ከሌላ ሰው ጋር ሲጻጻፍ የሚውል ባል እቤቱ ቢቀር ይሻል ነበር።

መሄድ ለማትችሉስ? የታመመ የምታስታምሙ፣ ሕፃን የያዛችሁ፣ መንገድ የተዘጋባችሁ አላችሁ። እናንተም ከግምጃ ቤት ሳትወጡ ከአሥር ሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት ከመንደራችሁ ወጣ ብላችሁ በእግር ተመለሱ። ኮረብታው ያው የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ አብሯችሁ የሚሄደውም ያው የመረጣችሁት ሰው ነው። ዋናው ሀብት ሐይቁ ወይም ፏፏቴው አለመሆኑን ታውቃላችሁና፣ የቤታችሁን ግምጃ ቤት ቁልፍ ዝገት እንዲበላው አትፍቀዱ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ አንድ ቀን ምረጡና በቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት አድርጉበት። እስከሚቀጥለው ዕትም ደኅና ሁኑ፤ ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።