ልብሱን ገልብጦ ማየት

ዓመት በሁለት ቦታ ይታጠፋል። ሐምሌ 1 የሚጀምረው የበጀት ዓመት ታኅሣሥ 30 ቀን ይጋመሳል፤ በዚያን ሰሞን እኛ የባንክ ሠራተኞች የታቀደውንና የተከናወነውን ጎን ለጎን አስቀምጠን በመቶኛ እናሰላለን። መስከረም 1 የሚጀምረው የሁላችን ዓመት ግን ጳጉሜን አምስት ቀን ስትሆን የሚጋመሰው መጋቢት 3 ቀን ነው፤ 182 ቀን ከበስተኋላው፣ 182 ቀን ከበስተፊቱ። የመጀመሪያውን እጥፋት አለቃ ይጠይቅበታል። ሁለተኛውን የሚጠይቅ የለም። በመስከረም ያቀድነውን የግል ጉዳይ ሳንመረምረው ጳጉሜን የምትደርስብን ስለዚህ ይመስለኛል።

እኔ በመስከረም ያቀድሁት ስፌት ለመማር ነበር። አምስት ነገር በደብተር ጻፍሁ፦ በእግር በሚረገጠው የስፌት መኪና ቀጥ ያለ መስመር መስፋት፤ በቤት ውስጥ የተቀደደውን ሁሉ መጥቀም፤ ለእኅቴ ልጅ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ መስፋት፤ ለራሴ ባለ ኮሌታ ሸሚዝ መስፋት፤ በመጨረሻም ዕድሜዋን ለሌላ ሰው ስትሰፋ ለኖረችው እናቴ አንድ ቀሚስ በእጄ ሰፍቼ ማልበስ። መጋቢት ገብቶ ደብተሩን ስከፍት ሁለቱ ተፈጽመዋል፤ ሦስተኛው ተቆርጦ በረጃጅም መርፌ ለጊዜው ተያይዟል፤ ሁለቱ ገና አልተነኩም። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «ከዕቅዱ 40 በመቶ ተከናውኗል» ይባላል። ይህች አጭር ጽሑፍ ክርክሯ ከዚህ 40 በመቶ ጋር ነው።

ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። የሚያሳየው ግን የልብሱን ፊት ብቻ ነው። ልብስ የሚያውቅ ሰው ልብስ ሲመረምር ገልብጦ ያየዋል። የስፌቱ እኩልነት፣ የክሩ መጥበቅና መላላት፣ ለመስፊያ የተተወው የጨርቅ ትርፍ፣ የጫፉ መቀምቀም፣ ሁሉም የሚታየው በውስጥ በኩል ነው። ፊቱ አምሮ ውስጡ የተዝረከረከ ልብስ ከጥቂት እጥበት በኋላ ራሱን ያጋልጣል። የመንፈቅ ግምገማም ለእኔ ልብሱን የመገልበጥ ሥራ ነው፤ ጊዜውም የተመቸ ነው። ልብሱ አልቆ ከተለበሰ በኋላ መፍታት ጨርቁን ይጎዳዋል፤ ገና ሳይጀመር ደግሞ የሚፈታ ነገር የለም። በመካከል ላይ፣ ጨርቁ ለጊዜው ተያይዞ ሳለ፣ በምላጭ ጫፍ ክሩን በጥሶ እንደገና መግጠም ይቻላል።

በስፌት ውስጥ ቁጥር የገነነው ከመኪናዋ ጋር ነው። ኤልያስ ሃው የተባለው አሜሪካዊ በ1845 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ መኪናውን በሕዝብ ፊት ሲያሠራ በደቂቃ 250 ስፌት እየሰፋ አምስት ሴቶች በእጃቸው ከሚሰፉት በልጦ እንደ ታየ ይተረካል። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1846፣ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። የዚህ መኪና ትልቁ ብልሃት በመርፌው ላይ ነው፤ የእጅ መርፌ ዓይኑ ከኋላው ሲሆን የመኪናው መርፌ ዓይኑ ከጫፉ ነው። ቀጥሎ በ1851 አይዛክ ሲንጀር የራሱን መኪና አስመዘገበ፤ ኩባንያውም በዚያው ዐሥርት ዓመት ውስጥ መኪናዋን በየወሩ በሚከፈል ክፍያ መሸጥ ጀመረ። ለባንክ ሠራተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መኪናዋ ወደ ድኻ ቤት የገባችው ከነወርኃዊ ሒሳቧ ነው፤ ገና ስትገዛ ጀምሮ «በወር ስንት ሰፋሁ?» የሚለው ጥያቄ አብሯት ተቀምጧል።

ወደ አገራችንም ይኸው ድምፅ መጥቷል። በሐረር ጀጎል ውስጥ «መኪና ግርግር» የሚባል የልብስ ሰፊዎች መንገድ አለ፤ ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ተደርድረው ከሚሠሩት የስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የእኛ ሺሺንዳ እንዲህ ያለ መንገድ የላትም። በገበያ ቀን ግን በየበረንዳው ሥር የሚረገጠው መኪና ይሰማል። መብራት ቢጠፋም አይቆምም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብቻ ድምፁ ይዋጣል። ቡና ተሽጦ ገንዘብ እጅ ሲገባና በዓል ሲቃረብ ወረፋው ይበዛል። በበረንዳው ላይ መኪና የሚረግጠው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፤ በቤት ውስጥ በእጇ የምትጠቅመውና የምትጠልፈው ሴት ናት። እኔ ከእናቴ እየተማርሁ፣ በእናቴ መኪና ላይ ተቀምጬ፣ በሁለቱ መካከል ነኝ።

ስለ መኪናዋ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለክርክሬ ይጠቅመኛልና። የመኪና ስፌት በሁለት ክር ነው የሚሰፋው፤ አንዱ ከላይ በመርፌው ይወርዳል፣ ሌላው ከሥር ከትንሿ የክር መጠቅለያ ይወጣል። ሁለቱ በጨርቁ ውፍረት መካከል ተቆላልፈው እንዲያዙ ውጥረታቸው መመጣጠን አለበት። የላዩ ከጠበቀ የሥሩን ክር ወደ ፊት ይጎትተዋል፤ የሥሩ ከጠበቀ የላዩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ዕቅድ የላዩ ክር ነው ብል አንባቢ አይፈርድብኝም። የሥሩ ክር ደግሞ የሰው ጊዜ፣ ጉልበትና ፍላጎት ነው። በመንፈቅ ላይ ጠባቂ አለቃ የሌለው ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ዋና ጥያቄ «ስንት ሰፋሁ?» ሳይሆን «የትኛው ክር ጠብቋል?» የሚለው ነው።

ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ይህ ነገር እንግዳ ሊሆን አይገባውም። ቋንቋችን ከመርፌና ከክር ጋር የተዛመደ ነው። ስንኝ እንቋጥራለን፤ ስፌትም የሚጀመረው ክር በመቋጠር ነው። ነገሩ ሲጠፋን «ውሉ ጠፋብኝ» እንላለን፤ ውል የልቃቂቱ ጫፍ ነው፣ ደግሞም በባንክ ሁለት ወገኖች የሚፈራረሙበት ቃል ኪዳን ነው። ደራሲ ድርሰት ይደርሳል፤ የማይረባውን ያበዛ እንደ ሆነ «ደረተ» ይባላል፣ ሥራውም ድሪቶ ይሆናል። የነጠላው ባለ ቀለም ጥለት ጥበብ ነው፤ ያንኑ ስም ለሥነ ጽሑፍም ሰጥተነዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ «ጠቀመ» የሚለው ግስ ነው፤ በአንድ ፊቱ ረባ፣ በጀ ማለት ነው፤ በሌላ ፊቱ የተቀደደውን በመርፌ ሰፋ። ሰሙን ትቶ ወርቁን የሚፈልግ አንባቢ እዚህ ላይ ሁለቱንም ወርቅ ሆነው ያገኛቸዋል።

ሆኖም ቃሉን እያከበርን እጁን ስንንቅ ኖረናል። ባለ እጅን በሙያው መስደብ የተለመደ ስለ ነበረ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም አንድ ዲግሪ የያዘ ሰው መርፌ ሲይዝ የሚሰማው ነገር አለ። «ባንክ እየሠራህ መስፋት ምን ቸገረህ?» ያሉኝ ሰዎች ክፋት አስበው አይደለም። የእጅ ሥራ ክብር የሚያገኘው ወደ ቁጥርና ወደ ገንዘብ ሲለወጥ ብቻ ነው ብለን ስለ ተማርን ነው። «ስንት ሰፋህ? ስንት ሸጥህ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያው ንቀት የተወለደ ይመስለኛል፤ ሥራው ራሱ ዋጋ ቢኖረው ኖሮ «እስቲ ልየው» ይባል ነበር።

በአንጻሩ የሚቀርብ ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። ቁጥር ከሌለ ስንፍና መደበቂያ ያገኛል፤ ማንም ሰው «እኔ ውስጡን እያየሁ ነው» እያለ ዓመቱን ሊጨርስ ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህ ነው በደብተሬ ላይ ሁለት ከአምስት ብዬ በግልጽ የጻፍሁት። ሒሳብ መያዝ እንጀራዬ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ሒሳብ ያለፈውን ይመዘግባል እንጂ ከቀሩት ውስጥ የትኛው መቅደም እንዳለበት አይነግርም። መቶኛው አምስቱን ዕቅዶች እኩል ይቆጥራቸዋል፤ የእኔ ሸሚዝና የእናቴ ቀሚስ ለእርሱ እያንዳንዳቸው ሃያ በመቶ ናቸው። ለእኔ ግን እኩል አይደሉም።

ምክንያቱን ልናገር። እናቴ በዚያች መኪና አሳድጋናለች። አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ተስኗታል። ቢሆንም የሰፋሁትን ስሰጣት ገልብጣ በአውራ ጣቷ ትዳብሰውና «እዚህ ላይ ቸኩለሃል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ፈርተሃል» ትለኛለች። ቆጣሪ የማያገኘውን ጣቷ ያነበዋል። መኪናን ከማንም ልብስ ሰፊ መማር እችላለሁ፤ ሸሚዙንም በሚቀጥለው ዓመት ልሰፋው እችላለሁ። ቀሚስን ከታች በእጅ እየቀመቀሙ የሚጨርሱበት፣ ስፌቱ ከፊት በኩል ጨርሶ የማይታይበት አሠራር ግን በእርሷ ጣቶች ላይ ነው ያለው። በጣቷ ማንበብ እስካለች ድረስ ልትመረምረኝ ትችላለች። ይህ ከዓመቱ መጨረሻ ጋር ቀጠሮ የሌለው ነገር ነው፤ ባንክም አያራዝመውም።

ስለዚህ የመንፈቅ ውሳኔዬ ይህ ነው። የእኅቴ ልጅ የደንብ ልብስ ይለካና ይጨረሳል፤ ልጅ በየቀኑ ያድጋልና እርሱም አይጠብቅም። ሸሚዙ ከደብተሩ ይሰረዛል። የቀረው ጊዜ ሁሉ ለቀሚሱ ይሆናል፤ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት እናቴ ራሷ ትዳብሰዋለች፣ «ዐሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለውም ቃል ይጠበቃል። ቀሚሱና የደንብ ልብሱ ቢያልቁ እንኳ ከአምስቱ የሚሞላው አራት ነው፤ ሠንጠረዡ ጎደሎ ሆኖ ይቀራል። እኔ ግን ያንን ጉድለት መርጬዋለሁ፤ የተመረጠ ጉድለትና የደረሰ ጉድለት በመቶኛ ሲሰሉ አንድ ቢሆኑም በሰው ሕይወት ውስጥ አንድ አይደሉም።

በዚህ ሰሞን በካፋ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ቡናው ነጭ አበባ ያወጣል። አበባው ከጥቂት ቀን አይበልጥም፤ ፍሬው ቀልቶ የሚለቀመው ከስምንት ወር ያህል በኋላ ነው። በመጋቢት ወደ ቡና ሥር ሄዶ «እስካሁን ስንት ኪሎ ሆነ?» የሚል ገበሬ አላየሁም። አበባው በዝቶ እንደ ሆነ፣ ዝናቡ በጊዜው ደግሞ እንደ ሆነ ያያል፤ አስተያየቱን ይዞም የሚያደርገውን ይወስናል። በመስከረም ይህን ያህል ግጥም እጽፋለሁ፣ ይህን ያህል መጽሐፍ አነባለሁ ብላችሁ ያቀዳችሁ ወዳጆቼም፣ ደብተራችሁን በዚህ ሰሞን ብትከፍቱት ከቁጥሩ አልፋችሁ ገልብጣችሁ እዩት እላለሁ። ከተጻፈው ውስጥ የላላውን ለመፍታት ጊዜው ገና ነው፤ ከቀረው ውስጥም ሊጠብቅ የማይችለው የትኛው እንደ ሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

እንደ ልማዴ በስንኝ ልሰናበት፦

ዓመቱ ሲጋመስ፣ ልብሱን ገልብጬ አየሁ፤
የላላውን ፈታሁ፣ የጠናውን ለየሁ።
ቁጥር ለሚወደው፣ ቁጥሩን እተዋለሁ፤
የእናቴ እጅ ከእጄ፣ ሲገባ ቆጥሬአለሁ።