ከኢማኗ በፊት ጨርቁን እንመርምር



እዚህ ፍሮግታውን ከእናቶች ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ አለ፦ «ልጄ ስፖርት ክፍል ስትገባ ሒጃቧን ማውለቅ ትፈልጋለች፤ ኢማኗ ደከመ መሰለኝ።» ልጅቷን ለብቻዋ ስትጠይቋት ግን ብዙ ጊዜ የምትነግራችሁ ሌላ ነው። አንገቷ ስር እየረጠበ ስለሚከብዳት፣ ትምህርት ቤት እስኪለቀቅ ድረስም ስለማይደርቀው ሻሽ ነው የምታወራው። እኔ ነርስ ነኝ፤ ረጅሙን ፈረቃ ከወዲያ ወዲህ እያልኩ የምሠራው በሒጃብ ነው። አስተያየቴ ግልጽ ነው፦ ነገሩን የዲን ጥያቄ ከማድረጋችን በፊት ጨርቁን እንመርምር።

ጨርቅ ሁሉ ውሃን አንድ ዓይነት አይዝም። በመካከለኛ የቤት ሙቀትና እርጥበት 100 ግራም ደረቅ ጥጥ ከአየሩ ብቻ 8 ግራም ያህል እርጥበት ይስባል። ቪስኮስ 13 ግራም ያህል፣ ሱፍ ደግሞ 16 ግራም ያህል ይስባል። ፖሊስተር ግን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ጥጥ ላብን ወደ ክሩ ውስጥ ስለሚያስገባ ያብጣል፣ ይከብዳል፣ ለመድረቅም ጊዜ ይፈልጋል። ፖሊስተር ውሃውን በክሮቹ መካከል እንጂ በውስጣቸው ስለማይዝ ቶሎ ይደርቃል። ሱፍ የተለየ ጸባይ አለው፤ የላብን እንፋሎት ወደ ውስጥ ይስባል፣ ላዩ ግን የውሃ ጠብታን ይገፋል። ክሩ የተጠቀለለ ስለሆነም ትንሽ ቢረጥብ እንኳ አየር ይዞ ያሞቃል።

«እናቶቻችን ሁሉንም ነገር በጥጥ ነው የኖሩት» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን ደሴ ግቢ ውስጥ የተሰጣ ነጠላ ፀሐይና ነፋስ ቶሎ ያደርቁታል። አራት ድርብ የሆነው ጋቢም የሚያሞቀው በድርቦቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው፤ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ማለት ነው። ውሃ ሙቀትን ከሰውነት የሚወስደው ከረጋ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ነው። ስለዚህ በጥር ወር ከስፖርት በኋላ በረጠበ የጥጥ ሻሽ ዴል ስትሪት ፌርማታ ላይ ባቡር የምትጠብቅ ልጅ አንገቷ ላይ ያሰረችው የሚያቀዘቅዛትን ነገር ነው። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ እንጂ እርጥብ ሻሽ አይደለም። ብርዱ ግን እውነተኛ ነው፣ ምቾት ማጣቷም እውነተኛ ነው።

ይህን ችግር ከእኛ በፊት ያዩት እዚሁ አካባቢያችን የሚኖሩ ልጆች ናቸው። በሚኒያፖሊስ ሴዳር ሪቨርሳይድ ያሉ የምሥራቅ አፍሪካ ልጃገረዶች ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ለራሳቸው የሚሆን የስፖርት ልብስ ነድፈው በ2015 አቅርበዋል። ሒጃባቸውን አልተዉም፣ ኳሱንም አልተዉም፤ የለወጡት ልብሱን ነው። ፊፋ በ2014 የራስ መሸፈኛን በይፋ ፈቀደ፣ የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽንም በ2017 እገዳውን አነሳ። የሜዳው በር ተከፍቷል፤ ዛሬ ልጆቻችንን የሚያስቀራቸው ሻሽ ከሆነ መፍትሔው በእጃችን ነው።

ፖሊስተር እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። የሰውነት ቅባትንና ሽታን ይይዛል፣ በክረምቱ ደረቅ አየር ፀጉር ላይ ይጣበቃል። በጣም ርካሹና ወፍራሙ ደግሞ ላብን ከቆዳ ላይ ስቦ ስለማያወጣ ያፍናል። ለእንቅልፍ፣ ለጨቅላ ሕፃን፣ ለፎጣ እኔም ጥጥ ነው የምመርጠው። ለስፖርት ግን ላብን ወደ ውጭ እንዲስብ ተብሎ የተሠራ ስስ ጨርቅ ይሻላል፤ ለውጭ ብርድ ደግሞ ከላዩ ሱፍ ይደረብበት። ሁለት ሻሽ በቂ ነው፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለበሳል። እነዚህን ልብሶች ስታጥቡ የልብስ ማለስለሻ አትጨምሩ፤ ክሩን ይለብሰውና ላብ መሳቡን ያዳክመዋል። ፎጣንም እንዲሁ ያደርገዋል።

ከሻሹ በላይ የሚያሳስበኝ ግን እግር ነው። በቀን አምስት ጊዜ ዉዱእ እናደርጋለን፣ ከዚያ እርጥብ እግራችንን ካልሲ ውስጥ፣ ካልሲውን ቦት ጫማ ውስጥ እንከታለን። በጣቶች መካከል የቀረ እርጥበት ለፈንገስ ይመቻል፣ ቆዳውም ይሰነጠቃል። ስኳር ላለባቸው እናቶቻችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእግራቸው ነርቭ ከተጎዳ ስንጥቁን ላይሰሙት ይችላሉ፤ ሳይታወቅ የሚቆይ ቁስል ደግሞ እግር እስከማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ትንሽ የጥጥ ፎጣ ከመታጠቢያው አጠገብ ስቀሉላቸው፤ በየጣቶቻቸው መካከል ቀስ ብለው ያድርቁ። ቅባት ለተረከዝ እንጂ ለጣቶች መካከል አይደረግም። የሱፍ ቅልቅል ካልሲ ግዙላቸው፣ እርጥቡንም ወዲያው ቀይሩላቸው። እናንተም ማታ እግራቸውን በዓይናችሁ እዩላቸው። በዉዱእ የለበሱት ካልሲ ላይ ማበስ ለነዋሪ አንድ ቀን ከነሌሊቱ የተፈቀደ ነው። ካልሲው ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት በመዝሀቦች መካከል ልዩነት ስላለ የምትተማመኑበትን ዓሊም ጠይቁ።

ፀጉርም እንደዚያው ነው። ከታጠባችሁ በኋላ ሳይደርቅ አጥብቃችሁ አትሸፍኑት፤ ሙቀትና እርጥበት የታፈነበት የራስ ቆዳ ያሳክካል፣ ፎረፎርም ይብስበታል። ጊዜ ካጠራችሁ ቢያንስ ከስር የሚታሰረው ኮፍያ ስስና ቶሎ የሚደርቅ ይሁን፤ ሥራ ቦታም አንድ ቅያሪ ያዙ።

አላህ በሱረቱ አን-ነሕል አንቀጽ 80 እና 81 ላይ የእንስሳትን ሱፍና ፀጉር፣ ከሙቀት የሚጠብቁንንም ልብሶች ከጸጋዎቹ መካከል ያነሳልናል። ጸጋውን በሚገባው ቦታ ማዋል የኛ ፋንታ ነው። ልጃችሁ በሚቀጥለው ጊዜ «ሻሹ አስቸገረኝ» ስትላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ሻሹን በእጃችሁ ዳስሱት። እርጥብ ከሆነ አብራችሁ ሱቅ ሂዱና እሷው ትምረጥ። አላህ ልጆቻችንን ያጽናልን፣ እናቶቻችንንም በዓፊያ ያቆይልን። አሚን።